ልጅ ያልወለዱ መምህራንን ማን ይዘክራቸው?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

የምጽፍልዎ ከደሴ ነው። ጋዜጣዎ እጄ በገባ ቁጥር አስቀድሜ ከማነባቸው ገጾች አንዱ የአርባ፣ የመንፈቅና የሙት ዓመት መታሰቢያ የሚወጣበት ገጽ ነው። ዕድሜዬ እየገፋ በሄደ መጠን በዚያ ገጽ ላይ የማውቀው ፊት መብዛቱ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ያረፉ ወገኖችን ማሰብ ከክርስቲያን የሃይማኖት ግዴታዎች አንዱ ነው ብዬ ማመኔ ነው። ይሁን እንጂ ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በገጹ ላይ ስማቸው የማይወጣው ሰዎች ጉዳይ ነው። ፊደል ያስቆጠሩን፣ ዳዊት ያስደገሙን፣ ንስሓችንን የተቀበሉ፣ ልጅ ሳይወልዱና ጥሪት ሳያፈሩ ያለፉ መምህራንና የነፍስ አባቶች ሙት ዓመታቸው ሲደርስ ማስታወቂያ የሚያወጣላቸው፣ ጧፍና መገበሪያ ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድላቸው ብዙ ጊዜ አይገኝም። የወለደውን ልጁ ይዘክረዋል፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ልጅ ሲያስተምር የኖረውን ግን ማን ሊዘክረው እንደሚገባ በግልጽ ተነጋግረንበት አናውቅም።

የእኔ መልስ፣ ተማሪዎቹ ናቸው የሚል ነው። ልጅ ለአባቱ የሚያወጣውን ተዝካር ተማሪ ለመምህሩ ሊያወጣ ይገባዋል። ይህንንም የምለው ውለታን መመለስ መልካም ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን በቅዱስ መጽሐፍ የታዘዘ ስለ ሆነ ነው። «የእግዚአብሔርን ቃል የተናገሩአችሁን ዋኖቻችሁን አስቡ፥ የኑሮአቸውንም ፍሬ እየተመለከታችሁ በእምነታቸው ምሰሉአቸው» ተብሎ ተጽፏል (ዕብ. 13፥7)። እዚህ ላይ የታዘዝነው ወላጆቻችንን እንድናስብ አይደለም፤ ስለ ወላጆች የተሰጠው ትእዛዝ በሌላ ቦታ፣ ከዐሠርቱ ቃላት መካከል ይገኛል። በዚህ መልእክት እንድናስባቸው የታዘዝነው ቃሉን የነገሩንን፣ ማለትም ያስተማሩንን ሰዎች ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ለደቀ መዝሙሩ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፣ እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ በስማቸው ጠርቶ ካስታወሰው በኋላ፣ በተማረው ነገር ጸንቶ እንዲኖር ሲመክረው «ከማን እንደ ተማርኸው ታውቃለህና» ይለዋል (2ኛ ጢሞ. 3፥14)። ለሐዋርያው የእምነት ጽናት አንዱ መሠረት ያስተማረንን ሰው ማወቅና አለመርሳት መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ልጅ ስላልወለዱ ሰዎች ደግሞ በነቢዩ በኢሳይያስ አፍ የተነገረ ቃል ኪዳን አለ። «በቤቴና በቅጥሬ ውስጥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች ይልቅ የሚበልጥ መታሰቢያና ስም እሰጣቸዋለሁ» ይላል (ኢሳ. 56፥5)። ይህን ቃል ባነበብሁ ቁጥር በየገዳሙና በየአጥቢያው በጎጆ ውስጥ ኖረው ያለፉት የኔታዎች ይታዩኛል። እግዚአብሔር መታሰቢያ እሰጣቸዋለሁ ያለው በቤቱና በቅጥሩ ውስጥ ነው፤ በዚያ ቅጥር ውስጥ ስማቸውን በካህኑ ፊት ሊያነሣ የሚችለው ደግሞ በእግራቸው ሥር ተቀምጦ የተማረው ሰው ነው። ቃል ኪዳኑ በእኛ እጅ ሊፈጸም የሚችል ሆኖ ሳለ እጃችንን አጥፈን መቀመጣችን ያሳስበኛል።

ወሎ በዚህ ነገር ላይ ከማንም በፊት ሊናገር የሚገባው አገር ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ጉባኤ ዘርግተው ሲያስተምሩ፣ ከደቀ መዛሙርቶቻቸው መካከል የደብረ ሊባኖሱ አቡነ ተክለ ሃይማኖትና በጣና የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም የመሠረቱት አባ ኂሩተ አምላክ ይገኙ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ ልጅ አልወለዱም። ሆኖም ሰባት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ ዛሬም ኅዳር 26 ቀን በዓላቸው ይከበራል፤ ያሠሩት አራቱ ወንጌልም እስከ ዘመናችን ደርሷል። ገድላቸውን የጻፉት፣ ስማቸውን በስንክሳር ያስነበቡት፣ በዓላቸውን ሳያቋርጡ ያከበሩት መነኮሳት የመንፈስ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ናቸው። በየገዳሙ ተጽፈው የምናገኛቸው ብዙዎቹ ገድላት እንዲህ ተማሪ ለመምህሩ፣ ወይም የተማሪው ተማሪ ለአያት መምህሩ ያወጣው ተዝካር ናቸው ብል ማጋነን አይመስለኝም። ከዚያው ከሐይቅ ጉባኤ የወጡት አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫም መጽሐፈ ምሥጢርንና ሰዓታትን ደርሰው እንዳለፉ፣ በወሎ ቦረና በምትገኘው በጋስጫ እስከ ዛሬ ድረስ ይዘከራሉ። ሌሊት ሌሊት በየቤተ ክርስቲያኑ ሰዓታት የሚቆመው ሕዝብ ሁሉ፣ አወቀውም አላወቀውም፣ የአንድ መምህርን ሥራ በአፉ ይዞ ነው የሚያመሰግነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ የዋድላ የቅኔ ቤት አለ፤ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሙ ተያይዞ የሚነሣ፣ የቅኔ መንገዱ በመምህራኑ ስም እየተቆጠረ የሚወርድ ቤት ነው። በቦሩ ሥላሴ ያስተምሩ የነበሩት መምህር አካለ ወልድም አሉ፤ ደሴ በስማቸው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሰይማላቸዋለች። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን በዚያ ትምህርት ቤት ከሚማሩት ልጆች መካከል መምህር አካለ ወልድ ምን ያስተምሩ እንደ ነበር የሚያውቁት ስንቶቹ እንደ ሆኑ ብንጠይቃቸው መልሱ የሚያስደስተን አይመስለኝም። ስም በበር ላይ ተጽፎ ሊቆይ ይችላል፤ ስሙን እያነሣ የሚጸልይና ሥራውን የሚያስተምር ሰው ከሌለ ግን በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻውን መታሰቢያ ሊሆን አይበቃም።

እኔ ንባብና ዳዊት የተማርሁት በልጅነቴ፣ በአንድ የወሎ ገጠር አጥቢያ ከነበሩ መነኩሴ መምህር ዘንድ ነው። ደብዳቤው ስለ አንድ ሰው ብቻ የተጻፈ እንዳይመስል ስማቸውን እዚህ አላነሣም። ከፊደልና ከአቡጊዳ አሻግረው፣ መልእክተ ዮሐንስን አስነብበው፣ ዳዊት እስክንደግም ድረስ ያደረሱን እሳቸው ናቸው። የኔታ አንድ ልማድ ነበራቸው። ማታ ማታ ትምህርቱ አልቆ ከመሰናበታችን በፊት መምህሮቻቸውን አንድ በአንድ በክርስትና ስማቸው ይጠሯቸው ነበር፤ ድጓ ያስተማሯቸውን፣ ቅኔ ያስተማሯቸውን፣ ከዚያም የእነዚያን መምህራን መምህራን፣ እሳቸው ራሳቸው በዓይናቸው አይተዋቸው የማያውቁትን ጭምር። ከእያንዳንዱ ስም በኋላ እኛ ተማሪዎች «ነፍስ ይማር» እንል ነበር። ማን ከየት እንደ መጣ፣ የት እንደ ተማረ፣ በየትኛው ደብር እንዳረፈ ከስሙ ጋር ይነግሩን ስለ ነበር፣ እኔ ከመወለዴ ብዙ ዘመን በፊት ያረፉ ሰዎችን እንደ ቤተ ዘመድ አውቃቸው ነበር። በልጅነት አእምሮዬ ሞት ሰውን ከጉባኤ የሚያስወጣው አይመስለኝም ነበር፤ የሞቱትም የጉባኤው አባላት ነበሩ፤ ማታ ማታ ስማቸው ይጠራላቸዋል፣ እኛም እንመልስላቸዋለን። ጌታችን «እግዚአብሔር የሕያዋን አምላክ ነው እንጂ የሙታን አይደለም» ያለውን ቃል በትርጓሜ ከመስማቴ በፊት በዚያ የማታ ልማድ ተምሬዋለሁ።

የኔታ ሲያርፉ ጸሎተ ፍትሐቱ ተደረሰላቸው፤ ከቅርብም ከሩቅም የመጡ ደቀ መዛሙርት ቅኔ ተቀኙላቸው፤ አርባቸውንም የአጥቢያው ምእመናን በእናትና አባት ወግ አወጡላቸው። ለዚያ ሕዝብ ያለኝ ምስጋና ከፍ ያለ ነው፤ ከራሱ ጎተራ ቀንሶ፣ ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ ነው የኔታን የሸኘው። ከዚያ በኋላ ግን ተማሪዎቻቸው ተበትነን ነበር። ከፊላችን ቅስና ተቀብሏል፣ ከፊላችን በመንግሥት ትምህርት ቤት ያስተምራል፣ ነጋዴም ሾፌርም የሆነ አለ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚኖርም አለ። ጥቂቶቻችን ተፈላልገን ከተገናኘን ወዲህ በየዓመቱ ባረፉበት ዕለት ወደ አጥቢያዋ ቤተ ክርስቲያን ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና መገበሪያ እናስገባለን፤ ቅዳሴውን አስቀድሰን፣ ከምእመናኑ ጋር ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን፣ ለጉባኤ ቤቱ ተማሪዎች ደግሞ እህልና ልብስ እንሰጣለን። ሌላም ያደረግነው ነገር አለ። የኔታ ማታ ማታ የሚጠሯቸውን የመምህራን ስም ዝርዝር ከየአፋችን ሰብስበን በወረቀት ላይ አሰፈርነው፤ አንዱ የዘነጋውን ሌላው እያስታወሰ፣ በስልክ ከውጭ አገር ሳይቀር እየተጠያየቅን ነበር የሞላነው። ዛሬ ያ ዝርዝር በአጥቢያዋ ካህናት እጅ ይገኛል፤ በሙት ዓመታቸው ዕለት የኔታ ብቻ ሳይሆኑ መምህሮቻቸውም አብረው ይታሰባሉ።

ስለ ክርስትና ስም ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው መታሰቢያ የሚሰናከለው በዚህች ትንሽ በምትመስል ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሰው ቆሞ ሳለም ሆነ ካረፈ በኋላ በጸሎት የሚታሰበው በጥምቀት ባገኘው ስሙ ነው። መንደሩ የሚያውቀው የዓለም ስሙን ነው፤ ዲያቆኑ ሲጠይቅ ግን የሚፈለገው «ወልደ እገሌ» ወይም «ወለተ እገሌ» የሚለው ስም ነው። የአባታቸውን የክርስትና ስም የማያውቁ፣ አያታቸውን ያስጠመቀው የክርስትና አባት ማን እንደ ነበር ሰምተው የማያውቁ የተማሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ እነሱ ባረፉ ቁጥር ግን የሚያውቀው ሰው እየቀነሰ ነው። የክርስትና ስም መመዝገቢያ ደብተር በሁሉም አጥቢያ በወጉ አይያዝም፤ በየቤታችን በመጽሐፍ ቅዱሳችን ሽፋን ውስጥ የቤተሰቡን የክርስትና ስም መጻፍ ግን የማንንም ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር አይደለም።

ይህ ነገር በወሎ ምድር ከሌላው አገር የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም ረኀብ ጊዜ በቆረም፣ በባቲና በየመንገዱ የረገፈው ሕዝብ ውስጥ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ ቅሬ (በወሎ ዕድር ማለት ነው) ሳይወጣለት፣ ስሙን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ሳይኖር የተቀበረው ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም መጨረሻና በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ወሎ በገባ ጊዜም ቤተሰብ የሟቹን አስከሬን በችኮላ አፈር አልብሶ፣ ካህን ሳይጠራ፣ ለቅሶ ሳይቀመጥ የተሰደደበት ወራት ነበር። ከእነዚህ ሙታን መካከል ካህናት ነበሩ፤ መሪጌቶች ነበሩ፤ ልጆች የሚያስተምሩ መነኮሳት ነበሩ። መቃብራቸው የት እንደ ሆነ የማይታወቅላቸው ወገኖቻችን መታሰቢያ የሌላቸው እንዳይመስለን መጽናኛ የሚሆነን የሊቀ ነቢያት የሙሴ ነገር ነው። የእስራኤል ልጆች በሞዓብ ሜዳ 30 ቀን አለቀሱለት፤ «መቃብሩንም እስከ ዛሬ ድረስ ማንም የሚያውቅ የለም» ተብሎ ግን ተጽፏል (ዘዳ. 34፥6-8)። የብሉይ ኪዳን ታላቁ መምህር ሐውልት የለውም። በየምኩራቡ ሲነበብ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ሲታሰብ የኖረው ያስተማረውን የሚያነብብ ትውልድ ስለ ነበረው ነው። እንግዲህ መቃብራቸው ለጠፋብን ሰዎች ስማቸውን ይዞ ወደ ቅዳሴ መሄድ ይቻላል፤ ስማቸው ለጠፋብን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በየቅዳሴው በሃይማኖት ስላንቀላፉ አባቶችና ወንድሞች ሁሉ ትጸልያለች። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድማ በሆሣዕና ዕለት ጸሎተ ፍትሐት የምታደርስ ቤተ ክርስቲያን፣ ገና ያልሞተውን እንኳ ያለ ጸሎት ላለመሸኘት የምትጠነቀቅ እናት ናት።

ሥርዓቱን የደነገጉልን አባቶች የመታሰቢያ ቀኖችን ያለ ምክንያት አልወሰኑም። በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ12ኛው፣ በ30ኛው፣ በ40ኛውና በ80ኛው ቀን፣ በመንፈቅና በዓመት የሚደረገው ጸሎት በቅዱሳት መጻሕፍት ታሪክ ላይ የቆመ ነው። ሦስተኛው ቀን የጌታችንን ትንሣኤ ያስታውሰናል፤ ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ 7 ቀን ልቅሶ አደረገለት (ዘፍ. 50፥10)፤ የአሮንና የሙሴ ልቅሶ 30 ቀን ነበር፤ ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በ40ኛው ቀን ወደ ሰማይ ዐርጓል። ኀዘንተኛ ሰው እነዚህን ቀኖች እየቆጠረ ሲሄድ ኀዘኑ ቀስ በቀስ ወደ ተስፋ ይመራል። ቅዱስ ጳውሎስም «ተስፋ እንደሌላቸው እንደ ሌሎች» እንዳናዝን ይመክረናል እንጂ ጨርሶ አትዘኑ አይለንም፤ ጌታችንም በአልዓዛር መቃብር አጠገብ እንባውን አፍስሷል።

ተዝካርን በሚመለከት ግን አንድ የማያስደስተኝን ነገር ሳልናገር ባልፍ ደብዳቤዬ ጎዶሎ ይሆናል። በገጠሩ የአባቱን ተዝካር ለማውጣት ሲል የእርሻ በሬውን የሸጠ፣ በአራጣ ተበድሮ ለዓመታት ዕዳ ሲከፍል የኖረ ሰው የማያውቅ የወሎ ልጅ አይኖርም። በከተማው ደግሞ የእምነ በረድ ሐውልት፣ የታተመ ካናቴራ፣ የቪዲዮ ቀረጻና የአዳራሽ ኪራይ ተጨምሯል። እንግዳን ማብላት ራሱ ምጽዋት ሊሆን ይችላል፤ ድሆች ሲጠሩ፣ ከሩቅ የመጣው ሲመገብ፣ በወሎ ደንብ ለሙስሊሙ ጎረቤት ለብቻው ታርዶ ሁሉም በአንድ ድንኳን ስለ ሟቹ ነፍስ ይማር ሲባባል፣ እጅግ የከበረ ነገር ነው፤ ይህን ልማዳችንን ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። የምቃወመው ድሀው ደጅ ቆሞ ባለጸጋው ከባለጸጋ ጋር የሚበላበትን፣ ጸሎቱ ለስም ያህል ተደርሶ ግብዣው ዋና የሚሆንበትን ተዝካር ነው። ቅሬዎቻችን በዚህ ላይ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ፤ መቃብር በመቆፈር፣ ድንኳን በመትከል፣ ኀዘንተኛን በማስተዛዘን የቆዩ ናቸውና፣ የወጪው ልክ ላይም ቢመካከሩ የሚሰማቸው ሕዝብ አላቸው። ከሐውልቱ ወጪ እኩሌታው እንኳ በሟቹ ስም ለአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ቢውል፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማረው ልጅ ዓመቱን ሙሉ ዳዊት እየደገመ የዚያን ሰው ስም ያነሣለታል።

በሐዋርያት ሥራ ውስጥ የዶርቃን ዕረፍት የሚናገረው ክፍል (ሐዋ. 9፥36-41) ስለ መታሰቢያ ከተጻፉት ሁሉ ለእኔ ልብ የቀረበ ነው። በኢዮጴ የነበረች ይህች ሴት ባረፈች ጊዜ መበለቶቹ በጴጥሮስ ፊት ቆመው ሲያለቅሱ፣ ከእነሱ ጋር ሳለች የሠራቻቸውን ቀሚሶችና ልብሶች ያሳዩት ነበር። ስለ እሷ ብዙ አልተናገሩም፤ የእጇን ሥራ አውጥተው አሳዩ። እኛስ የመምህሮቻችን ሥራ ምንድን ነው ቢሉን ምን እናሳያለን? የየኔታ ሥራ እኛው ነን። ዳዊቱን መድገም ብንተው፣ ያስተማሩንን ለልጆቻችን ሳናስተላልፍ ብንቀር፣ ጧፉና ዕጣኑ ብቻውን «በእምነታቸው ምሰሉአቸው» የሚለውን ትእዛዝ አይፈጽምልንም። ኤልሳዕ መምህሩ ኤልያስ በተወሰደ ጊዜ «አባቴ፥ አባቴ» ብሎ ጮኸ፤ ልብሱንም ቀደደ፤ ከዚያ ግን የመምህሩን መጎናጸፊያ አንሥቶ ዮርዳኖስን መትቶ ተሻገረ። ልቅሶውም ሥራውም በአንድ ቀን ነው የተፈጸሙት።

ለሞቱ ሰዎች መጸለይ አይጠቅምም ብለው የሚያምኑ ክርስቲያን ወገኖቻችን ይህን ደብዳቤ ሲያነቡ ሊለዩኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። በጋዜጣ ላይ የሃይማኖት ክርክር ልከፍት አልሻም፤ እኔ የቤተ ክርስቲያኔን ሥርዓት ነው የጻፍሁት። ይሁን እንጂ ከዕብራውያን መልእክት የጠቀስሁት ትእዛዝ የእነሱም መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያስተማረቻቸውን አሮጊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ መዝሙር ያስያዛቸውን ሰው ስም ጠርተው እግዚአብሔርን ለማመስገንና የጀመረውን ሥራ ለመቀጠል የሚከለክላቸው ነገር የለም። አንዳንድ ወጣቶች ደግሞ ይህ ሁሉ ያለፈበት ልማድ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እነሱን የምጠይቃቸው ስለ ራሳቸው መምህር ነው። በዩኒቨርሲቲ ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መግቢያ ላይ አማካሪያቸውን ሲያመሰግኑ ገጽ ይሞላሉ፤ አባት እናታቸውን አስፈቅደው ፊደል ያስቆጠሯቸውን የኔታ ግን በአንዱም መስመር ላይ አያነሷቸውም። ምስጋናውን አምስት ዓመት ወደ ኋላ ከወሰዱት ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ለመውሰድ ምን ያግዳቸዋል?

ከዚህ በኋላ ያለው ልመናዬ ለአንባቢዎችዎና ለእርስዎ ነው። በየአገሩ ያላችሁ የወሎ ልጆች፣ ያስተማራችሁ የኔታ ወይም የነፍስ አባታችሁ የት አጥቢያ እንዳረፉ ካወቃችሁ ለዚያ አጥቢያ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጻፉ፤ የዕረፍታቸውን ቀንና የክርስትና ስማቸውን ጠይቁ፤ የምታውቁትም ካለ ንገሯቸው። አብረዋችሁ የተማሩትን ፈልጉ። ገንዘብ ብዙ አያስፈልግም፤ እኛ የጀመርነው በጥቂት ሰዎች መዋጮ ነው፤ ለጧፍ፣ ለዕጣንና ለመገበሪያ የሚበቃው ከተገኘ የቀረውን ካህናቱና ምእመናኑ ያግዛሉ። መምህሩ ያስተማሩበት ጉባኤ ቤት አሁንም ተማሪ ካለው ምጽዋቱ ወደዚያ ይሂድ፤ ከተዘጋም ለምን እንደ ተዘጋ ጠይቁ።

ለእርስዎ ለአዘጋጁ ደግሞ ሁለት ነገር እለምናለሁ። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ለኅዳር 26 ቅርብ በሆነው ዕትም፣ የመታሰቢያውን ገጽ ልጅ ሳይወልዱ ላረፉ መምህራን በነጻ ይልቀቁላቸው፤ ስማቸውን፣ ያስተማሩበትን ቦታና ያስተማሩትን ትምህርት ተማሪዎቻቸው ጽፈው ይልኩልዎታል። ሁለተኛው፣ ቤተሰብ የሙት ዓመት ማስታወቂያ ለማውጣት በሚሞላው ቅጽ ላይ የትውልድ ዘመን፣ የሥራ ዘርፍና ያረፈበት ቀን የሚጠየቁበት ቦታ እንዳለ ከማስታወቂያዎቹ እረዳለሁ፤ ከእነሱ በታች «የክርስትና ስም» የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩበት፣ የሟቹ ቤተሰብ ቅጹን ለመሙላት ሲል ስሙን ከአያቶቹና ከካህኑ ዘንድ ይጠይቃል፤ ጋዜጣውን የሚያነብብ ካህንም በየትኛው ስም እንደሚያስባቸው ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጋዜጣዎ አንባቢ
ደሴ፣ ወሎ